‹‹ድምፅህ ጠፋ!›› - ከምኒልክ ስልክ እስከ መርካቶ ሰርቨር

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ነው። መርካቶ፣ ከሸማ ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ፣ ከጨርቅ ጥቅልል በተረፈች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ተፋፍገን ተቀምጠናል። ከፊታችን አንድ ስክሪን አለ። ስክሪኑ ላይ ሰባት ክቦች ተደርድረዋል፦ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ድሬዳዋ። ሰባቱም አረንጓዴ ናቸው። አረንጓዴ ማለት ‹‹ደህና ነው›› ማለት ነው።

‹‹ታዲያ ምን ተበላሸ ጋሼ?›› አልናቸው ባለ ንብረቱን።

‹‹እኔ ምን አውቄ ልጆቼ! ደሴ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አንድ ሜትር ጨርቅ አልሸጠም። ማሽኑን ስጠይቀው ደህና ነው ይለኛል። የደሴ ሰው ልብስ መልበስ ትቷል እንዴ?››

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ለመሳቅ ጊዜ የላቸውም። በሁለት ቀን ውስጥ ምን እንደወጣ፣ ምን እንደገባ፣ ማን በዱቤ እንደወሰደ የሚያውቅ የለም። መርካቶ ውስጥ ሁለት ቀን ያልታወቀ ሒሳብ ማለት ለብዙ ወር የሚዘልቅ ጭቅጭቅ ማለት ነው። ይባስ ብሎ የደሴው ሠራተኛ ‹‹ገንዘቡን ደብቆ ይሆናል›› ተብሎ መጠርጠር ጀምሯል። ልጁ ለስድስት ዓመት የታመነ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንንገር። ነጋዴው ሰባት ቅርንጫፎች አሏቸው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሽያጭና ክምችት የሚመዘግብ ትንሽ ሰርቨር አለው። የሰባቱም ሒሳብ በኢንተርኔት ወደ መርካቶ ይመጣል። መርካቶ ደግሞ ‹‹ሁሉም ደህና ናቸው ወይ?›› እያለ የሚከታተል ሌላ ማሽን ተቀምጧል። እንደ ዘበኛ ማለት ነው። እኛ የተጠራነው ዘበኛው ምን እንደነካው እንድናይ ነው።

ያን ሰሞን ያገኘናቸው ስህተቶች አራት ናቸው። ከሦስታችን አንዱ የታሪክ መጽሐፍ ከእጁ የማይለይ ስለሆነ፣ አንዱን ስህተት ባገኘን ቁጥር ‹‹ይህ እኮ ድሮም ነበረ!›› ማለቱን አልተወም። መጀመሪያ ሰለቸን። ቆይቶ ግን ሐቁን ተቀበልነው። ይህች አገር ሩቅን በሽቦ መጠበቅ ከጀመረች ከ130 ዓመት በላይ ሆኗታል። እኛም እነዚያኑ ስህተቶች በአዲስ ማሽን እየደገምናቸው ነበር።

አንደኛው፦ ዝምታን ደህንነት ማለት

የክትትሉ ሥርዓት የተሠራው እንዲህ ነበር። የመርካቶው ማሽን ቅርንጫፎቹን ዞሮ አይጠይቅም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በየአምስት ደቂቃው ራሱን ይመረምርና ‹‹ደህና ነኝ›› ወይም ‹‹አሞኛል›› ብሎ ይልካል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ድካም ይቀንሳል። ደሴ ግን ረቡዕ ሌሊት መስመሩ ተቋረጠ። መስመር ከሌለ ‹‹አሞኛል›› ብሎ መላክም የለም። የመርካቶው ማሽን ደግሞ አዲስ ወሬ እስካልመጣ ድረስ የመጨረሻውን ወሬ ይዞ ቁጭ ይላል። የመጨረሻው ወሬ ‹‹ደህና ነኝ›› ነበር። ስለዚህ ደሴ ለሁለት ቀን አረንጓዴ ሆና ዋለች፤ አረንጓዴ ሆና አደረች።

የዚህ ዓይነት መከታተያዎች በዓለም ላይ የታወቁት ሩብ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ኢታን ጋልስታድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1999 ‹‹ኔትሴንት›› ብሎ ያወጣው፣ በ2002 ደግሞ ‹‹ናጂዮስ›› ተብሎ ስሙ የተቀየረው ነጻ ሶፍትዌር ከታወቁት አንዱ ነው። በእንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች ውስጥ አንዲት ማስተካከያ አለች። ወሬው ስንት ደቂቃ ካለፈው እንደ ባለፈበት ይቆጠር የምትል ናት። ያቺ ማስተካከያ ካልተከፈተች ማሽኑ የትናንትናውን ወሬ እንደ ዛሬ ያወራል። መርካቶ ያለውን ያቋቋመው ሰው አልከፈታትም ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህች ማስተካከያ ስም አለን። ለሳምንት ያልደወለ ወዳጃችንን ስናገኝ ምን እንለዋለን? ‹‹ምነው ድምፅህ ጠፋ!›› እንለዋለን። ታመምክ ወይ አላልነውም፤ ታስሮ ይሆናል አላልንም። ድምፁ መጥፋቱ ራሱ ወሬ ነው። ጠዋት ‹‹እንዴት አደርክ?›› የምንባባለውም ጎረቤታችን ማታ ታሞ ስለነበር አይደለም። ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› የሚለው መልስ ሳይመጣ የቀረ ቀን እንድናውቅ ነው።

የሕንጻው ዘበኛ አባባ ይህን ስንጫወት ሰምተው ፈገግ አሉ። ‹‹እኛ በልጅነታችን በዚህ ተራ ስንጠብቅ በፉጨት ነበር የምንተዋወቅ። እኔ አፏጫለሁ፣ የወዲያኛው ተራ ዘበኛ ይመልሳል። ካልመለሰ ዱላዬን ይዤ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ሌባ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ነው›› አሉን። በአራት ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ትምህርት ሰጡን ማለት ነው። ሌባው መጥቶ ‹‹መጣሁ›› እስኪል አይጠበቅም፤ ዘበኛው በየጊዜው ‹‹አለሁ›› ማለት አለበት።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ መስመር እንዲዘረጋ ሲያደርጉ፣ ሽቦው 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ገና ድንኳን የበዛባት ከተማ ናት። ካህናቱ ‹‹ይህ የሰይጣን ድምፅ ነው›› ብለው እንደነበር እስከ ዛሬ በጨዋታ ይነገራል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ባለው ጊዜ የጣልያን መሐንዲሶች ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ የቴሌግራፍ መስመር ዘረጉ። መስመሩ ቀስ በቀስ በየአቅጣጫው በዛ።

በዚያ ዘመን ድምፅን የሚያጎላ መሣሪያ በመንገድ ላይ የለም። ስለዚህ ሩቅ ለሩቅ የሚነጋገሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው በደንብ የማይሰማሙ ሲሆን፣ በመካከል ያለው የስልክ ጣቢያ ሠራተኛ ከአንዱ የሰማውን ለሌላው በአፉ ይደግምለት ነበር። ሰው ራሱ ማጉያ ሆነ ማለት ነው! ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ነገር እዚህ ላይ ነው። መስመሩ በሰው ጆሮና በሰው አፍ የሚሄድ ከሆነ፣ መካከል ላይ ያለ ጣቢያ ዝም ማለቱ ወዲያው ይታወቃል። ዝም ያለውን ጣቢያ ‹‹ደህና ነው›› ብሎ የሚያልፍ የለም፤ ቃሉ እዚያ ላይ ቆሟልና።

ሁለተኛው፦ የሰዓት ጣጣ

ማስተካከያዋን ከፈትናት። ደሴ ወዲያው ቀይ ሆነች። ደስ አለን። ደስታችን ግን አሥር ደቂቃ አልቆየም። ጎንደርም ቀይ ሆነች! ጎንደር ደውለን ‹‹ምን ሆናችሁ?›› ብንላቸው፣ ‹‹ምንም አልሆንም፤ እየሸጥን ነው›› አሉን።

ነገሩ ሰዓት ነው። የጎንደሩ ሰርቨር ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ቆሟል፤ የመርካቶው ደግሞ በአዲስ አበባ ሰዓት። ጎንደር አሁን የላከችውን ወሬ መርካቶ ከሦስት ሰዓት በፊት የተላከ አስመስሎ አነበበው። በዚህ ላይ የጎንደሯ ሠራተኛ በደብተሯ ‹‹ሌሊት 8 ሰዓት መብራት ሄደ›› ብላ ጽፋለች። የመርካቶው ማሽን ያንኑ ቅጽበት 2፡00 ይለዋል። የጎንደሩ ማሽን ደግሞ 23፡00 ይለዋል፤ ያውም የአንድ ቀን ቀድሞ ባለ ቀን! አንድ መብራት ሦስት ጊዜ ጠፋ። ልብ ብሎ ያላየ ሰው ‹‹ይህቺ ልጅ ትዋሻለች›› ማለቱ አይቀርም።

የታሪክ ወዳጃችን እዚህ ላይ አላስቀመጠንም። ‹‹ዓድዋ መቼ ነው?›› አለን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ለፈረንጁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896። ሁለቱም ልክ ነው፤ ቀኑም ያው አንድ ቀን ነው። ሁለት ሰነድ የሚያነጻጽር ሰው መጀመሪያ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልጠየቀ ከሰባትና ከስምንት ዓመት ልዩነት ጋር ሲታገል ይውላል። ማሽንም እንደዚሁ ነው። ሰባቱንም በአንድ ሰዓት ላይ አቆምናቸው፤ በየጊዜውም ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋር እንዲያስተያዩ አደረግን። ለሠራተኞቹ ግን የማሽን ሰዓት እንዲጽፉ አላስገደድናቸውም። ‹‹ሌሊት 8 ሰዓት›› ሲሉ 2፡00 እንደሆነ እኛ ማወቅ አለብን እንጂ፣ ሰዉ በስድስት ሰዓት አይዞርም።

ሦስተኛው፦ የተቆረጠው የቱ ጋ ነው?

በሳምንቱ ቅዳሜ ከባድ ዝናብ ጣለ። የሕንጻው መብራት ጠፋ፤ ኢንተርኔቱም አብሮ ሄደ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለስ የነጋዴው ስልክ መንጫጫት ጀመረ። አዳማ ጠፋች፣ ሐዋሳ ጠፋች፣ ጅማ ጠፋች፣ የሐዋሳ ክምችት ጠፋ፣ የጅማ ሽያጭ ጠፋ… ስልሳ ሦስት መልእክት በአንድ ጊዜ! እሳቸውም ስልኩን ዘግተው ቡናቸውን ጠጡ። ማን ይፈርድባቸዋል?

እውነቱ ግን አንድም ቅርንጫፍ አልጠፋም። የጠፋው መርካቶ ነው። ዘበኛው ዓይኑን ጨፍኖ ‹‹ከተማው ጨለመ!›› እያለ ጮኸ።

የሽቦው ዘመን ሰዎች ይህን ቢያዩ ይገረሙብን ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ባለ መስመር ላይ ሐረር አልመልስ ካለ፣ ሐረር ተቃጠለ አይባልም። መጀመሪያ የሚጠራው ቅርቡ ጣቢያ ነው። እሱ ካልመለሰ ችግሩ እዚሁ ከእግራችን ሥር ነው። ከመለሰ ቀጥሎ ያለው ይጠራል። የመጨረሻው የመለሰ ጣቢያና የመጀመሪያው ያልመለሰ ጣቢያ ሲታወቁ፣ ብልሽቱ በሁለቱ መካከል ተያዘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው መሰላልና ሽቦ ይዞ በእግሩ ይሄዳል። በተራራና በበረሃ ላይ በተዘረጋ ክፍት ሽቦ ላይ የሚመጣው ፈተና ብዙ ነው። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላዋል፤ ዛፍ ይወድቅበታል፤ ሽቦውም ለጌጥ ስለሚያምር የሚቆርጠው አይጠፋም። 477 ኪሎ ሜትሩን ሁሉ ከመሄድ ግን አርባውን መሄድ ይሻላል።

እኛም ያንኑ ለማሽኑ አስተማርነው። ‹‹የደሴን መስመር ከመክሰስህ በፊት የራስህን በር እየው። የራስህ በር ከተዘጋ ‹መርካቶ ተቆርጣለች› በል እንጂ በሰባቱም ከተማ ላይ አትጩህ›› አልነው። በማሽኑ ቋንቋ ማን በማን በኩል እንደሚደረስበት መጻፍ ማለት ነው። ስልሳ ሦስቱ መልእክት አንድ ሆነ። አንድ መልእክት ሰው ያነበዋል፤ ስልሳ ሦስቱን የሚያነብ የለም። አላነበብክም ተብሎ በኋላ የሚወቀሰው ግን ያው ሰው ነው።

አራተኛው፦ ዘበኛው በሌባው መንገድ ሲሄድ

አራተኛውን ስህተት ልብ ያላችሁ ትኖራላችሁ። መልእክቱ የመጣው መስመሩ *ከተመለሰ በኋላ* ነው! ለምን? ምክንያቱም ‹‹ኢንተርኔት ጠፋ›› የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚላከው በዚያው በጠፋው ኢንተርኔት ነው። እሳት ሲነሳ የእሳት አደጋ ስልክ በሚቃጠለው ክፍል ውስጥ እንደተቆለፈ አድርጋችሁ አስቡት።

እንዲህ ያለው ነገር በታላላቆቹም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 (መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.) ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። በአዲስ አበባ ሰዓት ሰኞ ምሽት ላይ ነው፤ ብዙዎቻችን ስልካችን የተበላሸ መስሎን አጥፍተን አብርተናል። የኩባንያው መሐንዲሶች በጥገና ላይ ሳሉ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የኩባንያውን የመረጃ ማዕከላት ከዓለም ለያያቸው። ከባዱ ነገር ቀጥሎ መጣ። ብልሽቱን የሚመረምሩበት የራሳቸው መሣሪያም በዚያው ኔትወርክ ላይ ስለነበር አብሮ ጠፋ። መሐንዲሶቹ በአካል ወደ ማዕከላቱ መሄድ ግድ ሆነባቸው። እዚያም በጥበቃው ብዛት በቀላሉ አልገቡም። በመጨረሻ የአባባ ዘዴ ሠራ ማለት ነው፦ ዱላ ይዞ በእግር መሄድ።

እዚህ ላይ መርካቶ ራሷ የምታስተምረው አላት። የጣልያን ወራሪዎች ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው ‹‹መርካቶ ኢንዲጄኖ›› አሉት፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለታቸው ነው። ዓላማው ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ነበር። ሰፈሩ አዲስ ከተማ ተባለ። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ሄደ፤ ገበያው ግን ቀረ፤ አደገም። ከነጻነት በኋላ መንግሥት የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የስልክ አገልግሎቱን እንደገና አደራጀ። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ተቋቋመ።

ነገር ግን የመርካቶ ነጋዴ በስልክ ብቻ ተማምኖ አያውቅም። በአንድ በኩል ስልክ ነበረው፤ በሌላ በኩል አውቶቡስ ተራ ነበረለት። ስልኩ ዝም ሲል የደሴ አውቶቡስ ሾፌር ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ ረዳቱ ‹‹ሱቁን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ክፍት ነው›› ይላል። ከሾፌሩ ሌላ ደግሞ የአገር ልጅ አለ፤ ከለቅሶ የተመለሰ ዘመድ አለ። ወሬው በሦስት መንገድ ስለሚመጣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይናገራል። ሦስቱ ሲለያዩ ደግሞ ነጋዴው ‹‹አንድ ነገር አለ›› ብሎ ይጠረጥራል።

ለማሽኑ ግን ሁለተኛ መንገድ ማግኘት ለረጅም ዘመን ከባድ ነበር። ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 አገራችን ከገባ በኋላም መንገዱ የአንድ የመንግሥት ኩባንያ ብቻ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወረዳዎችንና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በሳተላይት ያገናኙት ወረዳኔትና ስኩልኔት ሲመጡ፣ የእኛ ትውልድ ‹‹ፕላዝማ›› ብሎ የሚያስታውሰውን ትምህርት አየን። የሩቁ አስተማሪ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ማስተማሩን ይቀጥላል፤ እኛ መብራት ጠፍቶብን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠናል። እሱ አያየንም፤ አይሰማንም። ‹‹ገባችሁ?›› ብሎ ይጠይቅና መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል። መልስ የማይጠብቅ ጥያቄ ምን እንደሆነ የተማርነው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ የሞባይል ኩባንያ አገር ውስጥ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እኛም ይህን ተጠቅመን ለመርካቶው ማሽን ከዋናው መስመር የተለየ፣ የሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ ገጠምንለት። ባትሪም ሰጠነው። አሁን ኢንተርኔቱ ሲሄድ ማስጠንቀቂያው በሌላ በር ይወጣል። ሌላም ጨመርን። ጎንደር ያለው ማሽን የመርካቶውን ማሽን ይጠብቃል። ዘበኛውንም የሚጠብቅ ዘበኛ አለ ማለት ነው።

ማን ቀድሞ አወቀ?

ጎበዝ፣ ይህ ሁሉ የጨርቅ ሱቅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍንላችሁ ነበር። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2024) ዓርብ ሌሊት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ግቢ በስልክ ሮጠ፤ በኤቲኤሞች በር ላይ በሌሊት ሰልፍ ታየ። ባንኩ አገልግሎቱን እስኪያቆም ሰዓታት አለፉ። ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና በሥርዓቱ ላይ ከተሠራ የማሻሻልና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተገለጸ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ቆይቶ በሰጡት መግለጫ ግብይቱ 490 ሺህ ያህል፣ ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብም 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደነበር ተናገሩ። ብዙው ገንዘብ ተመልሷል። ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ግን በቅርንጫፎች በር ላይ ተለጥፎ አየን።

የሰው ገንዘብ መውሰድ ነውር ነው፤ በዚህ አንከራከርም። የሚያሳስበን ሌላ ነው። የዚያን ሌሊት ፈጣኑ የክትትል ሥርዓት የዶርም ተማሪዎች የስልክ መልእክት ነበር። ደግሞም ልብ በሉ፤ ያን ሌሊት የጠፋ ነገር አልነበረም። ማሽኖቹ ይሠራሉ፤ ኤቲኤሙ ገንዘብ ይሰጣል። ‹‹ሰርቨሩ በሕይወት አለ ወይ?›› ብሎ ብቻ ለሚጠይቅ ዘበኛ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ለዚህ ነው ክትትል ‹‹አለህ ወይ?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹የምትሠራው ሥራ ልክ ነው ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ያለበት። በእኛ ሱቅም ቢሆን የደሴን ብልሽት መጀመሪያ ያወቁት ነጋዴው ናቸው። ያወቁትም በስክሪኑ አይደለም፤ ቅዳሜ ሊሞላ ሲገባ ባልሞላው ሒሳብ ነው። እሳቸውን ተከትለን አንድ ጥያቄ ለማሽኑ ጨመርንለት፦ ‹‹በገበያ ቀን እስከ ቀትር አንድም ሽያጭ ካልተመዘገበ ንገረኝ።›› ከሁሉም ማስጠንቀቂያ በላይ የሚታመነው አሁን ይኸው ነው።

ከገንዘብ የከበደም ዝምታ አይተናል። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ጦርነት ሲነሳ ስልኩና ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረምና ከዚያም በኋላ መስመሩ ቀስ በቀስ እስኪመለስ፣ ስንቱ ሰው እናቱ ትኑር አትኑር ሳያውቅ ከረመ። መርካቶ ውስጥ መቀሌ ደንበኛ ያልነበረው የጅምላ ነጋዴ ስንት ነው? ስልኩ አልጠራም፤ አልሞተም፤ ዝም ብሏል። በዚያ ዝምታ ላይ አንዱ ‹‹ደህና ናቸው›› ብሎ ጻፈበት፤ ሌላው ‹‹አልቀዋል›› ብሎ ጻፈበት። ሁለቱም የመጨረሻውን ወሬያቸውን ይዘው የተቀመጡ ማሽኖች ነበሩ። ማሽን አዲስ ወሬ ሲያጣ ‹‹አላውቅም›› እንዲል ማስተማር ይቻላል፤ ግራጫ ቀለም አለችው። ለሰው ግን ‹‹አላውቅም፤ ድምፃቸው ጠፍቷል፤ ሄደን እንይ›› ማለት ለምን እንዲህ እንደሚከብድ እኛ ሦስታችንም መልስ የለንም።

የደሴው ነገር እንዴት አለቀ? መስመሩን የቆረጠው በአካባቢው ሲደረግ የነበረ የመንገድ ቁፋሮ ነበር። ሽያጩ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ደሴ ባለው ሰርቨር ውስጥ ተመዝግቦ ተቀምጧል። መስመሩ ሲመለስ የሁለት ቀን ሒሳብ እንደ ጎርፍ ገባ። ነጋዴው ዝም ብለው ቆዩና ስልካቸውን አንስተው ደሴ ደወሉ። ልጁ ሲያነሳ ስለ ሒሳብ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ‹‹ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? ድምፅህ ጠፋብኝ እኮ›› አሉት።

ሐሙስ ጠዋት ሊሉት የሚገባው ነበር። ግን ዘግይቶም ቢሆን አሉት።

ቸር ያሰማን።